ከፍትፍቱ ፊቱ፦ ከኤርድሪዋ መስኮት የተማርኩት

ባለፈው ጥር፣ በጥምቀት ማግስት፣ እናቴን ካልጋሪ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኝቼ ወደ ኤርድሪ ስመለስ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 28 ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ቤቱን በቡና ጭስና በምርቃት ሞልታው የነበረች እናት ስትሄድ ያ ቤት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። እውነቱን ለመናገር ቤት መግባት ፈራሁ። የኩዊን ኤልዛቤትን አውራ ጎዳና ይዤ፣ ክሮስአይረን ሚልስን አልፌ ኤርድሪ ስገባ መኪናዋ ራሷ የወሰደችኝ ይመስል ከለመድናት የፈጣን ምግብ መሸጫ ድራይቭ ስሩ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። የመሸጫዋን ስም አልጠራም፤ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ።

ማይክሮፎኑ ጋ ደርሼ "አንድ መካከለኛ ቡና፣ አንድ ትንሽ ጥቁር ሻይ ከወተት ጋር፣ ሁለት ስኳር" አልኩ። ሻዩ የእናቴ ነው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ልሰርዘው ስል ከኋላዬ የቆመው መኪና መብራቱን አበራብኝና ዝም ብዬ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

መስኮቱን የከፈተችው ያቺው ፊሊፒናዊት ልጅ ናት። ሻዩን በእጇ እንደያዘች ጎንበስ ብላ ከጎኔ ያለውን ወንበር አየች። ባዶ ነው።

"እናትህስ?"

"ዛሬ ሄደች። አሁን ሸኝቻት መምጣቴ ነው።"

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ሻዩን ልመልሰው ወይስ ትወስደዋለህ?" አለችኝ። እወስደዋለሁ አልኳት። ስትሰጠኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እኔም የእኔን ካየኋት አራት ዓመቴ ነው" አለችና መስኮቱን ዘጋች።

ይኼው ነው። ከ40 ሰከንድ አይበልጥም። ቡናው እንዴት እንደነበረ አላስታውስም፤ ምናልባት እንደ ሁልጊዜው ትንሽ የመረረ ነበር። ያን ሻይ ግን ቤቴ በር ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እስኪበርድ ድረስ በእጄ ይዤው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስሜን እንኳ የማታውቅ፣ ለዚያ ፈገግታ ተብሎ ምንም የማይጨመርላት ልጅ፣ በዚያ ማታ ከወዳጆቼ ሁሉ ቀድማ ያጽናናችኝ እንዴት ነው? እኛስ ለእንደዚህ ዓይነት ሰዎች ምን መልሰን እናውቃለን?

ወተት የሌለበት ሻይ

ኤርድሪን ለማታውቋት፣ ከካልጋሪ በስተሰሜን በመኪና ግማሽ ሰዓት እንኳ የማትሞላ ከተማ ናት። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ ቆጠራ 61,581 ነዋሪ ነበራት፤ በ2021 ደግሞ 74,100 ደረሰች። የቤት ዋጋ ከካልጋሪ ስለሚቀል እንደ እኔ ከቤቱ የሚሠራ ሰው ይመርጣታል። ሐበሻ አለ፣ ግን ካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ወይም 17ኛው አቬኑ አካባቢ እንዳለው በየመንገዱ አትገናኝም። ለአንዲት ከደብረ ማርቆስ ለመጣች፣ እንግሊዝኛ ለማትናገር እናት ደግሞ ጸጥታዋ ከባድ ነው። ጎረቤት ቡና አይጠራም። በር የሚያንኳኳ የለም። የሚያልፈው ሰው ውሻውን ይዞ ነው፤ ሰላምታውም ከአንገት ንቅንቅ አያልፍም።

ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ፣ ረቡዕ ማታና እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ወደዚያች መሸጫ እወስዳት ነበር። አንዳንዴ ውስጥ ገብተን እንቀመጣለን፣ ብርዱ ሲጠና ደግሞ በመስኮት። መጀመሪያ አካባቢ አልወደደችውም። "ምግብ በመስኮት ይሰጣል እንዴ? እንደ ለማኝ!" ብላ ስቃለች።

ልጅቷ ግን እናቴን በሦስተኛው ጊዜ ለየቻት። ረቡዕ ከሆነ ሻዩ ወተት የለውም፤ እሑድ ከሆነ አለው። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ስለ ጾም አስረዳኋት። እሷም ካቶሊክ ስለሆነች ነገሩ ቶሎ ገባት። ከዚያ በኋላ ረቡዕ ስንመጣ እኔ ሳልናገር "ወተት የለም፣ አይደል?" ማለት ጀመረች። ኅዳር አጋማሽ ጾመ ነቢያት ሲገባ እሑድም ወተቱ ቀረ፤ ያንንም ያዘችው። ከገና በኋላ ባለው እሑድ እናቴ ወተት ስታዝ ልጅቷ ከካሸሩ ኋላ እጇን አጨብጭባ "ጾሙ አለቀ!" አለች። እናቴ ትርጉም አላስፈለጋትም። "ተባረኪ የኔ ልጅ፣ እጅሽን ይባርከው" ብላ መረቀቻት፤ ልጅቷም አማርኛው እንደገባት ሁሉ አንገቷን ደፋ አድርጋ ተቀበለች።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ "ሻያቸው እንኳን ሻይ አይደለም። ግን ከፍትፍቱ ፊቱ" አለችኝ።

ይህችን ተረት ሁላችንም እናውቃታለን። ምግቡ ከሚሰጥህ ምግቡን የሚሰጥህ ሰው ፊት ይበልጣል ማለት ነው። አያቶቻችን የገበያ ጥናት ሳያስፈልጋቸው ጨርሰውታል። ዛሬ ትልልቆቹ ድርጅቶች በደረሰኝ ጀርባ "ጉብኝትዎ እንዴት ነበር?" ብለው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ለእናቴ ያልነገርኳት

ያን እሑድ ግን ተረቱ ሌላ ነገር ቀሰቀሰብኝ። ለእናቴ ለዓመታት የደበቅኳት ነገር ነበር።

ማስተርሴን በምማርበት ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል በአንድ የበርገር ቤት ሠርቻለሁ። መጥበሻ ላይም፣ ካሸር ላይም፣ ድራይቭ ስሩ መስኮት ላይም። ለእናቴ የነገርኳት ግን "ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ" ብዬ ነው። አገር ቤት በዲግሪ ተመርቆ፣ መሥሪያ ቤት ገብቶ፣ ዘመድ አዝማድ "ኢንጂነሩ" እያለ የሚጠራው ልጅ ኮፍያ አድርጎ "ድንች ይጨመርበት?" ሲል እንዳታየው ፈራሁ። በስልክ ስታወራኝ ከኋላዬ የማሽኑ ድምፅ ሲጮህ "ላብራቶሪ ነኝ" እል ነበር። ውሸቱ ዛሬ ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም።

ከዚያ የባሰም አለ። ሐበሻ ደንበኛ ሲገባ ካሸሩን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ወደ ኩሽና እገባ ነበር። አንድ ማታ ሳላመልጥ ቀረሁ። በሥራ ልብስ፣ ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ኢትዮጵያዊ መጣ። ስሜ ደረቴ ላይ ተጽፏል፣ መልኬም አያሳስትም። እሱ ግን በእንግሊዝኛ አዘዘ፣ በእንግሊዝኛ ከፈለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ወሰደና ሄደ። አልሰደበኝም፣ አልበደለኝም። ብቻ አላየኝም። ወይም አይቶኝ እንዳላየ ሆነ፤ ምናልባት እንዳላፍር ብሎ ይሆናል። እኔም አፍሬ ስለነበር አልፈርድበትም። ግን ይኸው ከስንት ዓመት በኋላም አስታውሰዋለሁ።

ለእናቴ ይህን ሁሉ ነገርኳት፣ መኪናው ውስጥ፣ የኖዝ ክሪክን ድልድይ እየተሻገርን። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ትንሽ ቆይታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ታዲያ ያን ጊዜ ማን ፈገግ አለልህ?"

መልስ አልነበረኝም። እናቴ የጠየቀችው ስለ ውሸቴ አይደለም፣ ስለ ዲግሪዬም አይደለም። ከቀን እስከ ማታ ለሰው ፈገግ የሚል ልጅ ለራሱ ፈገግ የሚልለት ነበረው ወይ ነው ያለችው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ፈገግታ በሰዓት ስንት ነው?

ፈጣን ምግብ ሲጀመር ፊት አልነበረውም፤ ፍጥነት ነበረው። በ1948 (እ.ኤ.አ.) ሁለቱ የማክዶናልድ ወንድማማቾች በካሊፎርኒያ ሳን በርናርዲኖ ሱቃቸውን ዘግተው እንደገና ሲከፍቱ አስተናጋጆቹን አስወጡ፣ የምግብ ዝርዝሩን አሳጠሩ፣ ኩሽናውን እንደ ፋብሪካ መስመር አደረጉት። እንደ ሶፍትዌር ሰው ሳየው ድንቅ ሥራ ነው፤ የሚባክነውን እርምጃ ሁሉ አንድ በአንድ አወጡት። ግን ሁሉም ሱቅ ያንኑ በርገር በዚያው ደቂቃ መስጠት ከቻለ ደንበኛው አንዱን ከሌላው በምን ይለያል? ያኔ ነው ፊት ወደ ገበያ የገባው።

ለዚህ ከማውቃቸው ታሪኮች የምወደው የካናዳ ነው። ጆርጅ ኮሆን የማክዶናልድ ካናዳ መሪ በነበረ ጊዜ፣ በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሎምፒክ ከሶቪየት ባለሥልጣናት ጋር ይገናኝና ሞስኮ ላይ ሱቅ ልክፈት ብሎ ንግግር ይጀምራል። 14 ዓመት ፈጀበት። ጥር 31 ቀን 1990 (እ.ኤ.አ.) ፑሽኪን አደባባይ ሲከፈት በአንድ ቀን 30,000 ያህል ሰው ተስተናገደ። ሰልፉ ለበርገሩ ነበር። ብዙዎቹን ያስገረማቸው ግን ከጠረጴዛው ኋላ ያሉት ወጣቶች ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ፈገግ ማለታቸው ነው። በመንግሥት ሱቅ ኩርፊያ ለኖረ ሰው ያልለመደው ነገር ነበር። ሠራተኞቹ ፈገግ እንዲሉ ሠልጥነው ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚመጣው። የሠለጠነ ፈገግታ ፈገግታ ነው?

አርሊ ሆክሺልድ የምትባል አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1983 (እ.ኤ.አ.) የዴልታ አየር መንገድን አስተናጋጆች አጥንታ አንድ መጽሐፍ ጻፈች። ያየችው ነገር ለእኔ ዓይነቱ ሰው አዲስ ዓለም ነው። ሸክም የሚያነሳ ሰው ጉልበቱን እንደሚሸጥ ሁሉ፣ አስተናጋጅ ስሜቱን ይሸጣል አለች፤ ይህም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንዳንዱ በፊቱ ብቻ ያስመስላል፤ ውስጡ ሌላ ነው። ሌላው ደግሞ እውነት እስኪሰማው ድረስ ራሱን ያሳምናል። ሁለቱም ያደክማሉ። ሺፍቱ ሲያልቅ "የእኔ ስሜት የትኛው ነበር?" እስከ ማለት ይደርሳል።

ይህን በራሴ አውቀዋለሁ። የኛ ማናጀር "ፈገግታ በማይክሮፎን ይሰማል" ይለን ነበር። እውነቱን ነው፤ ይሰማል። ግን በዚያው ሰዓት ከራሳችን በላይ የተሰቀለ ሰሌዳ ነበር። መኪናው ማይክሮፎኑ ጋ ሲደርስ ሰከንድ መቁጠር ይጀምራል፤ ከተወሰነው ጊዜ ሲያልፍ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይዞራል። ቀዩ ሲበዛ የሺፍቱ ሰዎች ሁሉ ይጠየቃሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለት ትእዛዝ ይሰጠዋል፦ ቶሎ ሸኘው፣ ግን እንደማትቸኩል ሁነህ። በፕሮግራም ቋንቋ ብጽፈው ሁለቱ ሁኔታዎች ስለሚጋጩ ኮዱ አይሠራም። ሰው ግን በየቀኑ ይሠራዋል።

አሁን ወደ ኤርድሪዋ ልጅ ልመለስ። ስለ እናቴ በጠየቀችኝ ጊዜ ያ ሰሌዳ ከራሷ በላይ እየቆጠረ ነበር። ከኋላዬ መኪኖች ነበሩ። ስለ እናቷ የነገረችኝ ዓረፍተ ነገር ሰከንዶች አስከፍሏታል። ማንም እንድትለው አላሠለጠናትም። ስለዚህ ለጥያቄው የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ሥልጠናው "እንኳን ደህና መጣህ"ን ሊያመጣ ይችላል፤ "እናትህስ?"ን ግን አያመጣም። ያቺ የራሷ ናት፤ የሰጠችኝም ከደመወዟ ውጭ ነው።

ደመወዙን ካነሳን፣ አልበርታ ውስጥ ዝቅተኛው ክፍያ ከጥቅምት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ነው። ከእነዚህ መስኮቶች ኋላ የሚቆሙት ብዙዎቹ አዲስ መጤዎችና ተማሪዎች ናቸው። በጊዜያዊ የውጭ ሠራተኛ ፕሮግራም የመጣ ሰው የሥራ ፈቃዱ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው፤ "ይቅርብኝ" ብሎ ጎረቤት ሱቅ መግባት አይችልም። ለሚንገላታ ሠራተኛ ክፍት ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ተጀምሯል፤ ግን መንገዱን ማወቅና መድፈር ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ደግሞ ከኅዳር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በትምህርት ወቅት ከግቢ ውጭ መሥራት የሚፈቀደው በሳምንት 24 ሰዓት ነው። ኪራዩና የትምህርት ክፍያው ግን የሰዓት ገደብ የላቸውም። ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ "መልካም ቀን" የሚል ሰው ነው እኛ "ካናዳውያን ሲበዛ ትሑት ናቸው" ብለን የምናልፈው።

እንግዳ እናውቃለን፣ ደንበኛ ግን

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ይህን ስጽፍ "ፈረንጅ ያውቃል፣ እኛ አናውቅም" የሚለውን የተለመደ ዘፈን ልዘፍን አይደለም። እንግዳ መቀበል እኛ ዘንድ ያለውን ያህል የት አለ? ትልቅ ሰው ሲገባ "ኖር!" ብሎ መነሣት፣ እጅ ማስታጠብ፣ "በሞቴ"፣ "አፈር ስሆን" እያሉ ማጉረስ። ካናዳዊ ጎረቤቴ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ቤቱ አላስገባኝም። ካሸሯ ግን ሁልጊዜ ፈገግ ትልልኛለች። እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው። እቤቱ ብትሄድ አልጋውን ለቆልህ መሬት የሚተኛ ሰው፣ ሱቁ ወይም መሥሪያ ቤቱ ስትሄድ ቀና ብሎ አያይህም። "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ሥሩ የተቀመጠው ሰው ንጉሡን ግማሽ ሰዓት ያቆመዋል።

ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ እኛ ምግብን ከመሸጥ ጋር ያለን ትውውቅ አጭር ስለሆነ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲያስከፍቱ ሲነገር የኖረ ታሪክ አለ። ሰው በገንዘብ ምግብ መብላትን ነውር አድርጎ ስላየው የሚመጣ ጠፋ ይባላል። ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው አበሉ፣ ራሳቸውም ከፈሉ፤ በማግስቱ ግን በራሱ ገንዘብ ሊበላ የመጣ አልነበረም። ነገሩን ለማስለመድ ብዙ ማግባባት ጠይቋል ይላሉ። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ቢጎዳውም ዛሬም ፒያሳ አለ።

ይህን ታሪክ ስናወራ የምንስቀው በመኳንንቱ ነው። ግን ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። እንጀራ ዋጋ ሲወጣለት ፊቱ የማን ይሆናል ብለው ነው። እንግዳን የምትቀበለው በክብርህ ነው፤ ደንበኛን ግን የምትቀበለው ተቀጥረህ ነው። በእኛ ዘንድ መቀጠር፣ በተለይም ሰሃን ይዞ መቆም፣ ዝቅ ማለት ተደርጎ ስለተወሰደ፣ የሚያስተናግደው ሰው ክብሩን የሚያስጠብቀው በኩርፊያ ሆነ። የሚስተናገደውም ክብሩን የሚያሳየው በማዘዝ ነው። እጁን አጨብጭቦ "ማነህ! አንተ!" ይላል። ማሙሽ፣ ሚሚ፣ ምናምን። አስተናጋጁ የአርባ ዓመት አባወራ ሊሆን ይችላል። ለሰላሳ ሰው በቀን ሺህ ጊዜ "ምን ልታዘዝ?" የሚል ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ "እንደምን አደርክ ወንድሜ" ሳይለው የሚመሽበት ቀን ስንት ነው?

እኔ ራሴ ያደግኩት እንዲህ ሲጠሩ እያየሁ ነው፤ ተማሪ ሆኜም ጠርቻለሁ። መስኮቱ ኋላ እስክቆም ድረስ አልታወቀኝም።

ካልጋሪ 17ኛው አቬኑ ደቡብ ምሥራቅ ላይ ባሉ የእኛ ምግብ ቤቶች ሄዳችሁ አስተውሉ። ያው ሰው በፈረንጅ ሱቅ ሲያዝ "እባክሽ" እና "አመሰግናለሁ" ያበዛል። የሐበሻ ምግብ ቤት ሲገባ "እባክሽ" ጫማው ጋ በር ላይ ይቀራል። ዕቃ እያጠበች ሌሊት ነርሲንግ የምትማረውን እህቱን "ቶሎ በይ እንጂ!" ይላታል። ፈገግታዋን ይፈልጋል፣ ግን እንደ ዘመድ በነጻ። ዘመድ ከሆነች ደግሞ የዘመድ ሰላምታ ይገባት ነበር።

ማሽኑ ይተካት ይሆን?

የሙያ ጓደኞቼ "ይህ ሁሉ ወሬ አምስት ዓመት ቢቆይ ነው፣ በማሽን ይተካል" ይሉኛል። እውነት አላቸው፣ በከፊል። ዛሬ ብዙ ሱቆች ውስጥ ትዕዛዝ የምንሰጠው ለስክሪን ነው። አብዛኛውን ጊዜ እኔም ደስ ይለኛል፤ ቋንቋ ለሚያስቸግረው ሰው ስክሪን አይሰለችም፣ አይገላምጥም። እንግሊዝኛው ገና ለሆነ አዲስ መጤ ትልቅ እፎይታ ነው። "ደብል ደብል" ማለት ሁለት ክሬም ሁለት ስኳር መሆኑን ሳላውቅ የመጀመሪያ ቀን ሁለት ቡና ይዤ የወጣሁት እኔ ይህን አልክድም።

ድምፅ የሚሰማው ማሽን ግን ገና ነው። ማክዶናልድ ከአይቢኤም ጋር ሆኖ ከ100 በላይ በሚሆኑ የአሜሪካ ሱቆቹ ድራይቭ ስሩ ላይ በሰው ፋንታ ኮምፒዩተር ትዕዛዝ እንዲቀበል ሞክሮ፣ ሙከራውን በሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) አቁሟል። ሌላ ጊዜ ይመለሳል፣ የተሻለም ይሆናል። ይህንን የምለው እንጀራዬ ከዚያው ሰፈር ስለሆነ ነው። "ይህች ሴት ረቡዕ ወተት አትጠጣም" የሚለውን መረጃ መያዝ ለኮምፒዩተር ቀላል ነው፤ እኔ ራሴ በግማሽ ቀን እጽፈዋለሁ። ባዶውን ወንበር አይቶ መጠየቅም ምናልባት አንድ ቀን ይቻል ይሆናል። "እኔም የእኔን ካየኋት አራት ዓመቴ ነው" ማለት ግን እናት ያለውና የናፈቀው ሰው ይፈልጋል። ያጽናናኝ ማስታወሷ ብቻ አልነበረም፤ የእኔው ዓይነት ጉድለት እንዳለባት መናገሯ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ምክር መስጠት አልወድም፤ ግን ከእናቴ ጥያቄ በኋላ ራሴ የጀመርኳቸውን ሦስት ነገሮች ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው፣ ከስልኬ ቀና እላለሁ። ደረቱ ላይ ስሙ ተጽፏል፤ አነበዋለሁ። ሐበሻ ከሆነ በአማርኛ ሰላም እለዋለሁ፣ ከዚያ ሌላ አልጠይቅም። "ምን ተምረህ ነበር? እስከ መቼ ነው እዚህ?" አይባልም። ሰላምታ በቂ ነው። ያ በእንግሊዝኛ አዝዞኝ የሄደው ሰው "ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሜ፣ በርታ" ቢለኝ ኖሮ፣ ለእናቴ "ላብራቶሪ ነኝ" ማለት ያቆምኩት በዚያ ሳምንት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው፣ ያ ሰልቺ የደረሰኝ መጠይቅ ቀልድ አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚሞላው ሲናደድ ነው። ደግ ያደረገችላችሁን ሠራተኛ በስሟ ጠቅሳችሁ ሁለት መስመር ጻፉ፤ ሦስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። በእኛ ሱቅ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ማናጀሩ አትሞ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው ነበር። ስሜ ያለበትን አንዱን ወረቀት ስለቅ ይዤው ወጥቻለሁ፣ እስከ ዛሬ አለኝ። ከማስተርስ ዲግሪዬ ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ ነው የተቀመጠው።

ሦስተኛው ለተማሪዎች ነው። ካሸር ላይ ቆማችሁ ይህን በእረፍት ሰዓት የምታነቡ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ለቤተሰብ ንገሩ። እኔ ዛሬ የተናደደ ደንበኛ ስብሰባ ላይ ሲጮህ የማልደነግጠው፣ ሁለት የሚጋጩ ትእዛዞችን ይዤ የማልሸበረው፣ ሰው ከሚያዘው ነገር ኋላ ምን እንደሚፈልግ የምሰማው ዩኒቨርሲቲ ተምሬ አይደለም። ያ መስኮት ነው ያስተማረኝ። ይህች አገር ራሷ በእንዲህ ዓይነት ሰዎች የቆመች ናት። ዛሬ በየሞሉ የምናየው ኢዶ ጃፓን የተጀመረው እዚሁ ካልጋሪ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ያቋቋመውም ከጃፓን የመጣ የቡድሃ እምነት አገልጋይ፣ ሱሱሙ ኢኩታ ነው። ቄስ ምግብ ሲሸጥ አላፈረም፤ እኔ ድንች ስጠብስ ማፈሬ ከየት መጣ?

ይህን ስል ደግሞ ፈገግታን ግዴታ እናድርገው ማለቴ አይደለም። የደከመው ሰው ሳይስቅ ቡናዬን ቢሰጠኝ መብቱ ነው። የከፈልኩት ለቡናው ነው። ፊቱ ሲጨመር ግን ስጦታ መሆኑን አውቄ ልቀበል፤ እንደ ስጦታም ልመልስ። ያ ሲሆን ነው ሁለቱም ሰው የሚሆኑት።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደውላ ነበር። ስለ ሥራ ጠየቀች፣ ስለ ብርዱ ጠየቀች፣ መቼ እንደማገባ እንደ ሁልጊዜው ጠየቀች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል "ያቺ የሻይ ልጅ ደህና ናት?" አለችኝ። ደህና ናት አልኳት። "እናቷን አየች?" አለች። የሥራ ፈቃዷ ገና እንደሆነ ነገርኳት። "በል፣ ስትሄድ ሰላም ብላሻለች በልልኝ። እናትሽ እዚህም አለች በላት" አለችኝ።

ረቡዕ ማታ ሄጄ መልእክቱን አደረስኩ። ከኋላዬ ሁለት መኪና ቆሟል። ሰሌዳው ከራሷ በላይ እየቆጠረ ነው። ልጅቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረግ አድርጋ ሳቀችና "ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ወተት የለም" አለችኝ።

እኔ ሻይ አላዘዝኩም ነበር። ግን ተቀበልኩ።